ሴንሲብል ማለት ስሜታዊ ማለት አይደለም፦ ቃሉን ለይቶ የመጠቀሚያ መመሪያ

ሜሪላንድ በገባሁ በሰባተኛው ወር አዛውንቶችን የመንከባከብ ሥልጠና ተመዘገብኩ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት በኢሜይል አጭር ማሳሰቢያ ደረሰኝ። መታወቂያ አምጪ፣ የክትባት ማስረጃ አምጪ፣ ምሳሽን ያዢ ይላል። የመጨረሻው መስመር «ፕሊስ ዌር ሴንሲብል ሹዝ» ነበር፤ እባክሽ ሴንሲብል ጫማ አድርጊ ማለት ነው። «ሴንስ» ስሜት መሆኑን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ «ሴንሲብል ሹዝ» ለእግር የሚለሰልስ፣ እግር ደስ የሚለው ጫማ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ቤት ካሉኝ ጫማዎች ሁሉ ለስላሳውን፣ ከፊት ክፍት የሆነውን ሰንደል አድርጌ ሄድኩ።

አሠልጣኟ በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ ናት። በር ላይ ቆማ ስም ትመዘግባለች። ስሜን ጻፈችና ወደ እግሬ አየች። አልተቆጣችም። የራሷን ጫማ ከወለሉ አንስታ ሶሉን አዙራ አሳየችኝ፦ ጥቁር፣ ዝቅ ያለ፣ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ከታች ጎማው ወፍራምና የተቦረቦረ። «አልጋ ስትገፊ ጎማው ጣትሽ ላይ ቢወጣስ? ወለሉ እርጥብ ቢሆንስ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ቤቴ ሸኘችኝ። የሚቀጥለው ዙር እስኪጀመር ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ያኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ለእኔ የቤት ኪራይ ማለት ነበር።

አውቶቡስ ላይ ሆኜ ቃሉን በስልኬ ስፈልገው ከአንድ መስመር በላይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ቃሉ በሄድኩበት ሁሉ ያጋጥመኝ ጀመር፤ ሐኪም ይለዋል፣ አከራይ ይለዋል፣ የልጆች አስተማሪ ይጽፈዋል። ሎንደን ያለች የአክስቴ ልጅ የሴት ልጇ የትምህርት ቤት ሪፖርት ላይ «ኤ ቬሪ ሴንሲብል ገርል» የሚል አይታ ደነገጠች፤ «ልጄን ምን አስከፍቷት ነው ስሜታዊ የሆነችው?» ብላ ደወለችልኝ። አስተማሪዋ ግን ልጅቱን እያመሰገነች ነበር። ይኼ ቃል ትንሽ ነው፣ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሲያሳስት ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ እኔ የተማርኩበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ።

1ኛ፦ ቃሉን ከ«ስሜት» አላቁት

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ረጋ እንበል። «ሴንስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ማየት፣ መስማት፣ መዳሰስ፣ ማሽተት፣ መቅመስ፤ እኛ የስሜት ሕዋሳት የምንላቸው። ሌላው ማስተዋል ነው፤ «ኮመን ሴንስ» ሲሉ የሚያወሩት ስለዚህኛው ነው። «ሴንሲብል» የተቀመጠው ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። «ሴንሲቲቭ»፣ ቶሎ የሚሰማው ማለት፣ ደግሞ አንደኛው ላይ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ በስሜት ሕዋስ ሊታወቅ የሚችል ማለት ነበር። እንግሊዝኛ በኋላ ወደ ማስተዋል ወሰደው፤ ጣሊያንኛን፣ ፈረንሳይኛንና ጀርመንኛን የመሰሉ ቋንቋዎች ግን እዚያው ስሜት ላይ ቀሩ። ለዚህ ነው ጣሊያን ወይም ጀርመን አገር የኖራችሁ ሰዎች ከሁላችንም በላይ የምትሳሳቱት። የጣሊያንኛው «ሴንሲቢሌ»፣ የፈረንሳይኛው «ሳንሲብል»፣ የጀርመንኛው «ዘንዚበል» ሁሉም ቶሎ የሚሰማው፣ ቶሎ የሚነካ ማለት ናቸው። የእንግሊዝኛው «ሴንሲብል» በጀርመንኛ ሲፈለግ ሌላ ቃል ነው የሚመጣው፤ «ፈርኑንፍቲሽ» ይሉታል።

የአረብ አገር ወይም የእስራኤል ኑሮ ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ ልዩነቱን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። በአረብኛ ቶሎ የሚከፋ ሰው «ሐሳስ» ነው። ነገሩን አመዛዝኖ የሚያደርግ ሰው «ዓቂል» ነው። በዕብራይስጥ «ራጊሽ» አንድ ነገር ነው፣ «ሄግዮኒ» ሌላ። ማንም «ሐሳስ»ንና «ዓቂል»ን አያደባልቅም። ከ«ሐሳስ» ጎን «ሴንሲቲቭ»ን፣ ከ«ዓቂል» ጎን «ሴንሲብል»ን አስቀምጡ፤ አለቀ።

አማርኛ ብቻ ለምናውቅ ደግሞ መፍትሔው እዚሁ አማርኛችን ውስጥ ነው ያለው። «ስሜት» የሚለውን ተዉትና «ልብ» የሚለውን አምጡ። እኛ ልብ የምንለው ለፍቅርና ለሐዘን ብቻ አይደለም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። «ልባም ሴት» ስንል ቤቷንም ነገሯንም በማስተዋል የምትይዝ ማለታችን ነው። ደሞዙን በወሩ መጀመሪያ ሳምንት የሚጨርስ የነበረ ወጣት ዕቁብ ገብቶ፣ ሥራውን አክብሮ፣ ማታ በጊዜ ሲገባ ሰፈሩ ምን ይላል? «አሁን ልብ ገዛ» ይላል። በቃ፣ «ሴንሲብል» ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚጠጋ አማርኛ አላገኘሁም።

«ስሜታዊ» ደግሞ እዩት። ተሳድቦ ሥራ የለቀቀ ሰው፣ በንዴት መኪና የሚያበር ሰው ስሜታዊ ነው። «ሴንሲብል»ን «ስሜታዊ» ብላችሁ ስትተረጉሙ የተጻፈውን ከሞላ ጎደል ገልብጣችሁ እያነበባችሁ ነው።

2ኛ፦ ጥርስና ጫማን ያዙ

ትርጉሙን ብታውቁም ሁለቱ ቃላት በንግግር መሃል ይምታታሉ፤ ፊደላቸው ይመሳሰላል። እኔን የረዳኝ ሁለት ዕቃ ነው።

መታጠቢያ ቤት ግቡና የጥርስ ሳሙናውን አንሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የሚሸጠው ሳሙና ላይ «ሴንሲቲቭ» የሚል ተጽፏል። የሚሰማው፣ የሚነካው፣ የሚያመው፦ ጥርስ። ከዚያ ወደ በሩ ሂዱና የሥራ ጫማችሁን እዩ። የማያዳልጥ፣ የማይጠብ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም፦ «ሴንሲብል»። ጥርስ ሴንሲቲቭ፣ ጫማ ሴንሲብል። አፋችሁ ላይ ቃሉ ሲጠፋ ይህችን በልባችሁ በሉ፤ ትመልሳችኋለች።

ከጥርሱ ጋር የሚሄዱት፦ ሴንሲቲቭ ቆዳ፣ ሴንሲቲቭ መረጃ ማለትም ሰው እጅ መግባት የሌለበት፣ ሴንሲቲቭ ርዕስ ማለትም ሲነሳ ሰው የሚያስከፋ፣ ሴንሲቲቭ ሰው። ከጫማው ጋር የሚሄዱት፦ ሴንሲብል ውሳኔ፣ ሴንሲብል ምክር፣ ሴንሲብል ጥያቄ፣ ሴንሲብል ዋጋ፣ ሴንሲብል ጥንቃቄ፣ ሴንሲብል አመጋገብ።

3ኛ፦ የሚገልጸው ሰው ነው ወይስ ነገር?

አማርኛ ላይ «አስተዋይ» የሚባለው ሰው ነው። አስተዋይ ጫማ፣ አስተዋይ ዋጋ አንልም። እንግሊዝኛው ግን ያንኑ ቃል ለሰውም፣ ለሐሳብም፣ ለጫማም፣ ለመኪናም ይሰጠዋል። ስለዚህ ቃሉን ስታገኙት መጀመሪያ ቀጥሎ የተቀመጠውን ስም እዩ፤ አማርኛውን የሚወስነው እሱ ነው።

ሰው ከሆነ አስተዋይ፣ ልባም፣ ልብ የገዛ። ሐሳብ ወይም ዕቅድ ከሆነ የሚያስኬድ። «ያስኬዳል» የምትለዋን ቃል አትናቋት፤ ስብሰባ ላይ አንዱ ሐሳብ ሲያቀርብ «ይኼ ያስኬዳል» የምንለው በእንግሊዝኛ «ዛት ሳውንድስ ሴንሲብል» ነው፣ ቁርጥ እሱን። ዋጋ ከሆነ ያልተጋነነ። ምክር ከሆነ የሚረባ። ልብስና ጫማ ከሆነ ለሥራው የሚሆን፣ የሚያገለግል።

ጫማና ልብስ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ላይ ቃሉ ውስጥ ትንሽ «አያምርም ግን ይጠቅማል» የምትል ነገር አለች። ሴንሲብል ጫማ ሲባል በአብዛኛው ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ፋሽን ያልሆነ ጫማ ነው የሚታሰበው። ሴንሲብል የፀጉር ቁርጥም እንደዚያው። ጓደኛችሁ ለሠርግ የገዛችውን ቀሚስ አሳይታችሁ «ቬሪ ሴንሲብል» ብትሏት ያመሰገናችኋት መስሏችሁ ይሆናል፤ እሷ ግን «አልወደደችልኝም» ብላ ነው የምትሰማው። ለሠርግ ልብስ ሌላ ቃል ፈልጉ። ለክረምት ቦት ጫማ ግን ግሩም ምስጋና ነው።

ሰው ላይም ይህችው ጥላ አልፎ አልፎ ታጠላለች። «ሺ ኢዝ ሴንሲብል» ማለት የምትታመን፣ የማትቀብጥ ማለት ነው፤ ብሩህ ናት፣ ልዩ ተሰጥኦ አላት ማለት አይደለም። ለአክስቴ ልጅ ይህንንም ነገርኳት። ስምንት ዓመት ለሞላት ልጅ ግን፣ አስተማሪ ዞር ሲል የማትረብሽ፣ መንገድ ስትሻገር ግራ ቀኝ የምታይ ልጅ ናት ማለት ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ሪፖርቱን ፍሪጅ ላይ እለጥፈው ነበር።

4ኛ፦ አራት ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ

ቃል ብቻውን አይነገርም፤ ከነቤቱ ነው የሚያዘው። እነዚህን አራት አገባቦች እንደ ስልክ ቁጥር ያዟቸው።

የመጀመሪያው «ኢት ውድ ቢ ሴንሲብል ቱ» ነው፤ ከዚያ ግሡ ይከተላል። «ኢት ውድ ቢ ሴንሲብል ቱ አስክ ፈርስት።» አስቀድሞ መጠየቁ ሳይሻል አይቀርም። ሰውን ሳያዙ ምክር መስጫ ነው። «ዩ ሹድ» ብሎ ከመጀመር በጣም ይለሰልሳል። ሥራ ቦታ፣ ኢሜይል ላይ፣ ከአከራይ ጋር ስትነጋገሩ ይኼን ተጠቀሙ።

ሁለተኛው «ዘ ሴንሲብል ቲንግ ቱ ዱ ኢዝ» ነው። የሚሻለው እንዲህ ማድረግ ነው እንደማለት። ብዙ አማራጭ ተነስቶ ሰው ግራ ሲጋባ መቋጫ ይሆናል።

ሦስተኛው «ሴንሲብል አባውት» ነው። «ሺ ኢዝ ሴንሲብል አባውት መኒ።» ገንዘብ አያያዝ ታውቃለች። እዚህ ላይ «አባውት» ነው የሚገባው። «ዊዝ መኒ» የሚሉም አሉ፣ ስህተት አይደለም፤ እናንተ ግን «አባውት»ን ያዙ።

አራተኛው «ኢት ዋዝ ሴንሲብል ኦፍ ዩ ቱ» ነው። ጃንጥላ ይዞ ለመጣ ሰው፣ ደረሰኙን ላስቀመጠ ሰው፣ ደግ አደረግህ ለማለት። እዚህ «ኦፍ» የሚከተለው ያንን ያደረገውን ሰው ነው። አሮጌ ጽሑፍ ላይ «ሴንሲብል ኦፍ» ቀጥሎ አደጋ፣ ክብር፣ ውለታ የሚል ካገኛችሁ ግን የድሮው ትርጉም ነው፤ ያንን የሚያውቅ፣ የሚሰማው ማለት ነው። አንብባችሁ እለፉት፣ አትጠቀሙበት።

የድሮው ትርጉም ዛሬም በሕይወት ያለበት አንድ ቦታ አለ፤ ፊዚክስ። የማቀዝቀዣ ጥገና ወይም ምህንድስና የምትማሩ «ሴንሲብል ሂት» የሚል ታገኛላችሁ። ያ አስተዋይ ሙቀት አይደለም። ቴርሞሜትር የሚያሳየው፣ ስትነኩት የሚታወቃችሁ ሙቀት ነው። ጓደኛው «ላተንት ሂት» ደግሞ ውሃ ፈልቶ ሲተን፣ ቴርሞሜትሩ ሳይንቀሳቀስ የሚገባው ስውሩ ሙቀት ነው።

5ኛ፦ ከጎረቤቶቹ ለዩት

ስለ ጥሩ ውሳኔ የሚያወሩ ብዙ ቃላት አሉ። መዝገበ ቃላት ሁሉንም አስተዋይ፣ ብልህ፣ ጥበበኛ እያለ ያቀላቅላቸዋል። አንድ ነገር ላይ አስቀምጠን እንያቸው፤ ያገለገለ መኪና መግዛት።

ልጁ ስድስት ሺህ ዶላር አለው። መኪናውን በስልክ አይቶ ወደደው። ከመክፈሉ በፊት መካኒክ ዘንድ ወስዶ ሥሩን አስፈተሸ። ይኼ «ሴንሲብል» ነው። ልዩ ዕውቀት አልጠየቀም፤ ማንም ረጋ ያለ ሰው የሚያደርገውን አደረገ።

ሻጩ «ዋጋው አምስት ሺህ ስድስት መቶ ነው» አለው። መኪናው ያን ያህል ያወጣል፤ አላጭበረበረም፣ አልተጋነነም። ይኼ «ሪዝነብል» ዋጋ ነው። ሴንሲብል ዋጋም ይባላል፣ ግን ለዋጋ «ሪዝነብል» ይበልጥ ይለመዳል። «ሪዝነብል» ውስጥ ፍትሐዊነት አለ፤ አንተም ተው እኔም ልተው የሚል ነገር። ገበያ ላይ «ኸረ በደህና ዋጋ» የምንለው እሱን ነው።

የመሪውንና የፔዳሉን ማለቅ አይቶ ኪሎ ሜትሩ እንደተቀነሰ ወዲያው የነቃ ልጅ ቢሆን «ስማርት» ነው ወይም «ክሌቨር» ነው። ፈጣን አእምሮ። አስተዋይነት ግን አይደለም፤ ስማርት ሆኖ ሴንሲብል ያልሆነ ሰው ሞልቷል፣ ሁላችንም እናውቃለን። በነገራችን ላይ እንግሊዝ አገር «ስማርት» ዘንጦ ለለበሰም ይባላል፤ ሎንደን ላይ «ዩ ሉክ ስማርት» ካሏችሁ ስለ ጭንቅላታችሁ ሳይሆን ስለ ኮታችሁ ነው።

አባቱ በስልክ «ልጄ፣ ለሰው ዓይን ብለህ መኪና አትግዛ» ብለውት ከሆነ አባቱ «ዋይዝ» ናቸው። ጥበብ ነው፤ ዕድሜና ኑሮ አለበት። ሃያ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ሴንሲብል ማለት ቀላል ነው፣ ዋይዝ ማለት ግን ከበድ ይላል።

ከመኪናው በኋላ የተረፈችውን ገንዘብ ለክፉ ቀን ብሎ ባይነካት ደግሞ «ፕሩደንት» ነው። ወደ ጥንቃቄ ያደላል፤ ባንክና ጽሕፈት ቤት የሚወዱት ቃል ነው። ቡና እየጠጣችሁ ብትሉት ይከብዳል።

አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ነገሮች ላይ ሰዎች «ኢት ሜክስ ሴንስ» ወይም «ዘ ስማርት ቲንግ» ማለት ያዘወትራሉ። እንግሊዞች አፍ ላይ «ሴንሲብል» ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሁለቱም ቦታ ግን ይገባል።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቃሉ ተቆልፏል፣ መቀየር አይቻልም። ፍርድ ቤት «ሪዝነብል ዳውት» ነው፣ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ማለት፤ «ሴንሲብል ዳውት» የሚባል የለም። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪው ለሠራተኛው እንዲያመቻች የሚጠይቀው «ሪዝነብል አኮሞዴሽን» ይባላል። ወገባችሁን ታማችሁ ሥራ ላይ ማስተካከያ ስትጠይቁ ደብዳቤው ላይ ይህንኑ ጻፉ፣ ሌላ ቃል አትተኩበት፤ የሕግ ስሙ እሱ ነው።

ፖለቲካ ላይም ቃሉን በጥንቃቄ ስሙት። አሜሪካ ውስጥ የመሣሪያ ቁጥጥር የሚደግፉ ሰዎች «ሴንሲብል ጋን ሎውስ» ይላሉ። ሐሳቡን ደገፋችሁም ተቃወማችሁም ቃሉ የሚሠራውን ሥራ እዩ፤ የእኛ ሐሳብ ማንም ልብ ያለው ሰው የሚቀበለው ነው እያለ ነው። ተቃዋሚውን ሳይሰድብ ልብ የሌለው ያደርገዋል። እናንተም በክርክር ወይም በፈተና ጽሑፍ ላይ «ሴንሲብል» ስትሉ ቀጥሎ «ቢኮዝ» ብላችሁ ምክንያቱን አምጡ። አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ሁለተኛው ጽሑፍ ላይ፣ ያ ቢያንስ 250 ቃል የሚጠይቀው፣ «ጉድ ሶሉሽን» ከማለት «ሴንሲብል ሶሉሽን» ይሻላል፤ ግን ምክንያት ከሌለው ባዶ ነው።

6ኛ፦ ተቃራኒውን በ«ኢን» አትሥሩት

ይኼ ወጥመድ ነው። «ኮሬክት» ሲገለበጥ «ኢንኮሬክት» ይሆናል ብለን ተምረናል። «ሴንሲብል»ን በዚያ መንገድ ብትገለብጡት ግን «ኢንሴንሲብል» ማለት ራሱን የሳተ፣ የማይሰማ ማለት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ስለ ታካሚ እንዲህ ብትሉ ሰው ሮጦ ይመጣል። «ሴንስለስ» ደግሞ ትርጉም የለሽ ነው፤ በከንቱ ለፈሰሰ ደም የሚባል ከባድ ቃል። «ኢንሴንሲቲቭ» ለሰው ሐዘን የማይጨነቅ ነው፤ እሱ የጥርሱ ወገን ነው።

ታዲያ ያልተመዛዘነ ነገር ምን እንበለው? ለስላሳውና አስተማማኙ «ኖት ቬሪ ሴንሲብል» ነው። ጠንከር ሲል «አንዋይዝ»። «ፉሊሽ» እና «ስቱፒድ» ሰው ይሰብራሉ፤ ስለ ራሳችሁ ካልሆነ ተዉአቸው።

ስሙን ስትፈልጉም ተጠንቀቁ። ማስተዋል ለማለት «ሴንሲቢሊቲ» አይባልም፤ እሱ ወደ ስሜትና ወደ ጥበብ ጣዕም ያዘነበለ ሌላ ቃል ነው። «ጉድ ሴንስ» በሉ። «ሺ ሃድ ዘ ጉድ ሴንስ ቱ ሊቭ ኧርሊ»፣ በጊዜ ለመውጣት ልብ አላት።

7ኛ፦ ለማን ነው የምትሉት?

«ቢ ሴንሲብል!» የሚለው ትእዛዝ ለልጅ ነው። እናት ክረምት ላይ ያለ ጃኬት ሊወጣ ለተነሳ ልጇ ትለዋለች። ለእኩያ ብትሉት ይከረክራል፤ ለአለቃ ወይም ለትልቅ ሰው ብትሉት ስድብ ነው። እኛስ ለአባታችን ዕኩያ «ልብ ይግዙ» እንላለን? አንልም።

አለቃ ተሳስቷል ብላችሁ ስታስቡ ጥያቄ አድርጉት። «ውድ ኢት ቢ ሞር ሴንሲብል ቱ ዌይት አንቲል መንደይ?» እስከ ሰኞ መጠበቁ አይሻልም? እዚህ «ሞር» መግባቱ ይረዳል፤ የሳቸውም ሐሳብ ደህና ነው፣ ይኼ ግን ትንሽ ይሻላል ትላላችሁና። በነገራችን ላይ ማነጻጸሪያው ሁልጊዜ «ሞር ሴንሲብል»፣ «ሞስት ሴንሲብል» ነው።

ለሥራ ማመልከቻ ደግሞ «አይ አም ኤ ሴንሲብል ፐርሰን» ብላችሁ አትጻፉ። ስህተት ሆኖ አይደለም። ሰው ስለሌላው የሚናገረው ቃል ነው፤ ስለ ራስ ሲባል ቀጭን ይሆናል። «አይ ዩዝ ጉድ ጀጅመንት» በሉና አንድ የሠራችሁትን ጨምሩ። መድኃኒት ልትሰጡ ስትሉ ስሙ አለመግጠሙን አይታችሁ ቆም ያላችሁበት ቀን ካለ፣ እሱን ጻፉ።

8ኛ፦ አነባበቡና አጻጻፉ

ሦስት ክፍለ ቃል ነው፤ ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ነው። «ሴን» ብላችሁ ጠንከር በሉ፣ ቀሪውን ዋጥ አድርጉት። እኛ «ሲ»ን አጉልተን «ሴን-ሲ-ብል» እንላለን፤ እነሱ አፍ ላይ ግን መሃሏ «ሰ» ልትሆን ምንም አይቀራትም። ስትጽፉ መጨረሻ አካባቢ ያለችው ፊደል «አይ» ናት፣ «ኤ» አይደለችም። «ሪዝነብል» ግን በ«ኤ» ነው የሚጻፈው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ በእጅ ጻፏቸው። «በማስተዋል» ለማለት የመጨረሻዋን «ኢ» አውጥታችሁ «ዋይ» ተኩ፤ «ሴንሲብሊ» ይሆናል። «ድራይቭ ሴንሲብሊ»፣ በማስተዋል ንዳ።

9ኛ፦ ራሳችሁን ፈትኑ

ለአንድ ሳምንት ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱ። ቃሉን በሰማችሁ ቁጥር ቀጥሎ የመጣውን ስም ብቻ ጻፉ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ መጻፍ አያስፈልግም። ሳምንቱ ሲያልቅ ዝርዝሩን በአማርኛ መልሱት፣ እያንዳንዱን እንደ ስሙ።

ከዚያ እነዚህን ባዶ ቦታዎች ሙሉ። የፊት ቅባቱ ለምን ዓይነት ቆዳ ነው? ሴንሲቲቭ። ጓደኛችሁ ገንዘብ ላይ ጠንቃቃ ናት፤ ሴንሲብል አባውት መኒ። ፋይሉ የታካሚዎችን ስም ይዟል፣ እንዳይላክ፤ ሴንሲቲቭ። ሐኪሙ ስኳራችሁ ከፍ ብሏል፣ እንዲህ ዓይነት አመጋገብ ጀምሩ አላችሁ፤ ሴንሲብል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው፤ እኔም ቆይቼ ነው የገባኝ። «ሂ ኢዝ ባዶ ቦታ አባውት ሂዝ ዌይት»፣ ስለ ክብደቱ እንዲህ ነው። እዚህ ሁለቱም ይገባሉ፤ ሰዋስዉም አንድ ነው፣ «አባውት»ም አንድ ነው። ሴንሲቲቭ ካላችሁ ሰውየው ክብደቱ ሲነሳ ይከፋዋል፤ ማዕድ ላይ «ወፈርክሳ» እንዳትሉት። ሴንሲብል ካላችሁ ግን በልኩ ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ አይጨነቅም፤ እሱን እንዴት እንዳደረገው ልትጠይቁት ትችላላችሁ።